የጋሽ ሃብተ ቆርቆሮና የጨረቃ ፍርድ

ሸና!

እልል በሉ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ ሸና! ሳያቃስት፣ ግድግዳ ሳይደገፍ፣ ቅዱሳንን አንድ በአንድ በስማቸው ሳይጠራ፣ እንደ ሐምሌ አሸንዳ ለቀቀው። የወጣው ደግሞ ተመርምሯል። ሦስት ቀን ሙሉ ወልድያ ላብራቶሪ ተቀምጦ አንዲት ጀርም አልታየበትም። ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማኅተም አለው።

የማን ሽንት ነው ትሉኝ ይሆናል። የጋሽ ሃብተ ነዋ! የመርሳው ሊቀ ጠበብት፣ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴው፣ ያለ ደሞዝና ያለ ፈቃድ ሠላሳ ዓመት ያከመን የክቡር ጋሽ ሃብተ።

እግዜር ሰፈርን ሁሉ ሲሠራ አንድ አንድ ያልተማረ ሐኪም ሳይመድብለት አላለፈም። በእናንተም ሰፈር አለ፤ አታስተባብሉ። ገና "እ..." ብላችሁ አፋችሁን ስትከፍቱ "ዝም በል፣ ገብቶኛል" የሚላችሁ እሱ ነው። ምላስ አውጣ የሚል፣ የዓይን ሽፋን ገልብጦ የሚያይ፣ ከጤና ጣቢያ የያዛችሁትን ወረቀት ቁልቁል ዘቅዝቆ አንብቦ "ይሄ ለአንተ ደም አይስማማም" የሚል። ስሙ ደግሞ መቼም አይጎድፍም፤ የዳነው ይመሰክርለታል፣ ያልዳነው አፍሮ ዝም ይላል።

የእኛው ሐኪም ሱቁ ከሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው። እኔ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፤ እሱ ቧንቧ፣ የመስኖ ጎማና ጄሪካን ይሸጣል። አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ገና በልጅነቱ መርሳ ወርዶ ማንጎውንም ሙቀቱንም ወደደው። አማርኛው የወሎ ነው። ሲያመው ብቻ ትግርኛው ይመጣል።

"ስሚ ሓረጉ፣" ይለኛል ጎማ እየጠቀለለ፣ "ሰው ማለት ከላይ የሚሞላ፣ ከታች የሚፈስ ቧንቧ ነው። የተደፈነውን ክፈቺ፣ የሚያፈሰውን እሰሪ። አለቀ! ሌላው የሐኪም ወሬ ነው።"

ራስ ምታት ብርድ ነው። ወገብ ብርድ ነው። የልጅ ለቅሶ ብርድ ነው። ሰው ደጅ አንጥፎ በሚተኛበት በመርሳ ሙቀት ብርዱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ብጠይቀው "ከውስጥ ነዋ!" አለኝና አዘነልኝ።

የሽንት ማቃጠል ግን የራሱ ሕግ ነበረው። ያቃጠለው ሰው ሲመጣ ጋሽ ሃብተ መነጽሩን አውልቆ፣ ልክ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት እንደሚያደርገው ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያ፦

"ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች?"

በጨረቃ ብርሃን የሸና ይቃጠላል። ይሄ ከአባት የወረደ ነው፤ እኛም ሁላችን እንደ እውነት ይዘነው ኖረናል። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ከመደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ይወርዳል። በውስጡ የሰፈሩ ሰው የተረፈው ክኒንና ካፕሱል ሁሉ ተቀላቅሎ ይኖራል፤ የአልማዝ የጆሮ፣ የአብዱልጀሊል የጥርስ፣ አንድ ጊዜ ለበግ የታዘዘ ሁሉ ተገኝቶበታል። ቀይና ጥቁሩ ለሽንት ነው። ቀይና ቢጫው ለደረት። ነጩ ለቀረው።

"ሁለት ቀን ለራስህ፣ የተረፈው ለወገን!" ይላል ሲሰጥ። "ከተሻለህ በኋላ መዋጥ ስስት ነው።" ሰዉም የጀመረውን መድኃኒት እንደ ጽድቅ ሥራ እያቋረጠ፣ ቀሪውን ወደ ቆርቆሮው ይመልሳል። እኔም መልሻለሁ። ምን ይደረግ፤ ስስታም መባል ማን ይወዳል?

ይህ ሁሉ ሲያስቀን ኖሮ አንድ ሰው ላይ ወደቀ። ፍሰሃ ላይ።

ፍሰሃና ሃብተ ጥርሳቸውን አብረው የነቀሉ ባልንጀሮች ነበሩ። በወር በወሩ በአማኑኤል ማኅበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ማኅበሩ ጋሽ ሃብተ ቤት በዋለ ጊዜ ፍሰሃ ወደ ጆሮው ጠጋ አለና "ሽንቴ ያቃጥለኛል" አለው። ችግሩ፣ በጆሮ የተነገረውን ጋሽ ሃብተ በጆሮ መመለስ አያውቅም።

"ጨረቃ ላይ ሸንተሃል?"

"ኧረ ቀስ በል! አልሸናሁም። ሽንት ቤቴ ጣሪያ አለው።"

"የጋለ ድንጋይ ላይስ?"

"አልሸናሁም አልኩህ።"

"እንግዲያ ፍሰሃ ወንድሜ፣" አለ ጋሽ ሃብተ ጉርሻ የያዘ እጁን ከፍ አድርጎ፣ "ጨረቃ ካልሆነች ሴት ናት!"

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። የፍሰሃ ሚስት የወጥ ድስት ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ሚስቱስ ቆይታ አመነችው፤ ከተማው ነው ያላመነው። ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ፍሰሃ፣ ጨረቃዋ እንዴት ናት?" የሚሉት በዙ። ደሴ ሄዶ ታከመ፤ የእጢ መቆጣት ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። በሽታው ዳነ፣ ስሙ ግን አልዳነም። ሱቁን ነቅሎ ጎረቤት ከተማ፣ ውርጌሳ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልረገጠም፤ ከሃብተም ጋር ቃል አልተለዋወጠም።

ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቅሁ ብትሉ፣ ፍሰሃ ታላቅ ወንድሜ ነው። እውነቱን ለጋሽ ሃብተ ነግሬዋለሁ። "የእህት ምስክርነት አይቆጠርም" ብሎኝ ጎማውን መለካት ቀጠለ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት አማኑኤል ይወቀው።

ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ "ዋይ ኣነ!" የሚል ሰማሁ። ትግርኛው መጥቷል።

ያቃጥለዋል። ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ከታች፣ መቀመጫው አካባቢ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ይመስል ይከብደዋል። ጋሽ ሃብተ ራሱን ራሱ ዳኛ ሆኖ መረመረ። ጨረቃ? ቤት ውስጥ ነው የሸናው። የጋለ ድንጋይ? አልነካም። ሴት? ከሚስቱ ከበላይነሽ በቀር ሴት በህልሙም አያውቅ! ሕጉ ግን አራተኛ በር አልነበረውም። ራሱ ነው የዘጋው። በላይነሽ ደግሞ ያን ቀን ማኅበሩ ላይ ነበረች፤ ፍርዱን ቃል በቃል ታውቀዋለች።

ስለዚህ ደበቀ። ከቆርቆሮው ቀይና ጥቁሩን ሁለት ቀን ዋጠ፣ አንድ ቀን ተሻለው፣ የተረፈውን ለወገን መለሰ። በአራተኛው ቀን በሽታው ዘመድ አዝማዱን ይዞ ተመለሰ።

ትኩሳቱ ሲነሳ ሱቁ መንሳፈፍ ጀመረ። እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ ጥቅል ጎማዎቹ ቀስ ብለው ተፈቱና ጣሪያው ላይ እንደ ሐረግ ተጠመጠሙ። ነፋሱ በየቧንቧው አፍ እየገባ አንቺ ሆዬ ያዜማል። ከማንጎዎቹ ሥር የሚሄደው የመስኖ ውሃ ድምፅ በሩን አልፎ፣ እግሩን ነክቶ፣ በጓሮ በኩል ወጣ። ወንዙ ይፈሳል። ቦዩ ይፈሳል። የሴቶቹ ወሬ በመንገዱ ላይ ይፈሳል። በመርሳ ምድር የማይፈስ አንድ ፍጥረት ቢኖር ጋሽ ሃብተ ነበር።

በላይነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ በቀትር ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ አገኘችው።

"በመርሳ ፀሐይ ጋቢ የሚደርብ ወይ ሙሽራ ነው ወይ በሽተኛ። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?"

"ብርድ ነው።"

"ብርዱ የት ገባብህ?"

ጋሽ ሃብተ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ሳበ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለአንድ በሽታ መልስ ሲያጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በላይነሽ የጉባ ላፍቶ ልጅ ናት፤ ደጋ ያደገች ሴት ነገር አታበዛም። እጁን ነካችው፣ ግንባሩን ነካችው፣ ሱሪውን የያዘበትን አያያዝ አየች። ገባት።

"ስማኝ፣" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ጨረቃም ትሁን ሴትም ትሁን፣ መጀመሪያ ዳን። ከዚያ እገልሃለሁ። ሓረጉ! ሱቅሽን ዝጊና ደግፊልኝ!"

ከመርሳ ወልድያ ለጤነኛ ሰው መንገድ አይባልም። ለጋሽ ሃብተ ግን ሚኒባሱ መሬት የሚነካ አልመሰለውም። ከተራራው በላይ የቀን ጨረቃ ተንጠልጥላ ነበር፤ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ የሳሳች፣ ሰማዩ ከኋላዋ የሚታይባት። መኪናው ሲሄድ ትሄዳለች። ሲቆም ትቆማለች። ጋሽ ሃብተ መስኮቱን በግንባሩ ተደግፎ ያናግራት ጀመር።

"ምን አድርጌሽ ነው? ሠላሳ ዓመት ስምሽን አጠፋሁ፣ እሱን ይዘሽብኝ ነው?"

ዶሮ ያቀፈች ሴት ከፊት ወንበር ዞረች። "እኔን ነው ጋሼ?"

"አይደለም፣ እሷን ነው" አለ ወደ ሰማይ እያሳየ።

"ተይው እህቴ፣ ትኩሳቱ ነው" አለች በላይነሽ።

ሲሪንቃ ስንደርስ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሽላ በየመደቡ ተሰልፎ ቆሟል፤ በየመደቡ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ሰሌዳ አለች። የዘሩ ስም ነው የተጻፈባት። ጋሽ ሃብተ ግን በየሰሌዳው ላይ ያከመውን ሰው ስም ያነብ ነበር። አልማዝ፣ ቀይና ቢጫ። አብዱልጀሊል፣ ነጭ። ማሽላው በነፋስ ጎንበስ ቀና ሲል ሁሉም ሰላም የሚሉት መሰለው። የመጨረሻዋ ሰሌዳ ላይ "ፍሰሃ" ይላል። ያቺ መደብ ብቻ አልጎነበሰችም።

ጋሽ ሃብተ ዓይኑን ጨፈነ።

ወልድያ ላይ በባጃጅ ክሊኒክ አደረስነው። ዶክተሯ ናጅዋ ትባላለች፤ ለስላሳ የወሎ ልጅ ናት፣ "አብሽሩ አባቴ" ብላ ነው የምትጀምረው።

"ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?"

ጋሽ ሃብተ በላይነሽን በጎን አየት አደረጋት። "በፍጹም።"

"ውሸቱን ነው" አለች በላይነሽ።

"የወሰዱት መድኃኒት አለ?"

"ቀይና ጥቁሩን።"

"ማን አዘዘልዎት?"

"ሃብተ የሚባል ሰው።"

"የት ነው የሚሠራው?"

"መርሳ።"

"ፈቃድ አለው?"

ጋሽ ሃብተ አሰበበት። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት አያውቅም።"

ዶክተር ናጅዋ ካርዱ ላይ ያለውን ስም አየች፣ እሱን አየች፣ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ዕቃ ሰጠችውና አስረዳችው። "መጀመሪያ የሚመጣውን ይተዉት። መሐል ላይ ያለውን ይያዙልኝ።"

"ልጄ፣ መጀመሪያና መሐሉ የሚለይ ሽንት ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?"

ሩብ ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት በር ላይ ቆመን ጸለይን። ጠብታው ተገኘ። ደም ተወሰደ። ቀጥሎ ዶክተሯ እኛን አስወጥታ ጓንት አጠለቀች፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጋሽ ሃብተ እስከ ዕለተ ሞቱ ለማንም እንደማይናገር ምሏል። ለእኔ ነግሮኛል፤ እኔም እዚህ ላይ ዝም ልበል።

ሲጠሩን በላይነሽ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብ ሴት ቆማ ገባች።

"ጋሽ ሃብተ፣ እርስዎ የቧንቧ ሰው ነዎት አሉ፣ አይደል?" አለች ዶክተሯ። "የወንድ የሽንት መውጫ ሥር አንዲት እጢ አለች፤ ፕሮስቴት ትባላለች። ዕድሜ ሲገፋ ትተልቃለች፣ ቧንቧውን ታጠባለች። ሽንት ተሟጦ አይወጣም። የቆመ ውሃ ምን ይሆናል?"

"ይሸታል። ትል ያፈራል።"

"በቃ። አብዛኛውን ጊዜ የራስዎ የአንጀት ጀርም ነው የሚገባበት። እጢዋ ተቆጥታለች፤ ትኩሳቱም፣ ማቃጠሉም፣ መቀመጫዎ ላይ ያለው ክብደትም ከእሷ ነው። ሌላ ሁለት ቀን ቢቆዩ ወደ ደም ይገባ ነበር።"

"ጨረቃስ?"

"ጨረቃ የለችበትም።"

ጋሽ ሃብተ ወንበሩን ወደ ዶክተሯ አስጠጋ። የሚቀጥለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ከወልድያ ሰማይ ሥር ካለ ነገር ሁሉ የበለጠ ፈራ። በሹክሹክታ፣ ማኅበሩ ላይ ባጣው ሹክሹክታ፣ "ሴትስ?" አለ።

"ከግንኙነት የሚመጣም አለ፤ እሱንም አይተናል፣ የእርስዎ አይደለም። ቢሆን ኖሮም ሁለታችሁን አክመን ነበር የምንልካችሁ። በምርመራ ነው የሚለየው አባቴ፣ በፍርድ አይለይም።"

በላይነሽ ያጠበቀችውን ነጠላ ፈታ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሃብተ ግን ወደ እሷ አላየም። ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ትኩሳት ብቻ አልነበረም የሞላው።

"እንግዲያ ፍሰሃ..." አለ።

አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ጀርም እንዲበቅልበት ላብራቶሪ የተዘራው ሽንት ውጤት ደርሷል፤ ጀርሟ ቀይና ጥቁሩን እንደ ቆሎ ነው የምትበላው። ስንት ሰው ጀምሮ አቋርጦ እንዳለማመዳት እንጃ። ሌላ መድኃኒት ታዘዘ፦ አራት ሳምንት፣ አንዲት ሳትቀር።

ጋሽ ሃብተ በአምስተኛው ቀን ተሻለው። ተሻለውና እጁ በልማድ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። በላይነሽ ከኋላው ቆማ ነበር።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"አልማዝ ሽንቷ ያቃጥላታል አሉ። እኔ እንደሆነ ድኛለሁ። ለወገን..."

"የወገን ፍቅርህን ዋጠው።"

ዋጠው። በማግስቱ ቆርቆሮውን ያለ ጨረታ ወርሳ፣ ያለውን ሁሉ ለፋርማሲው ባለሙያ አስረክባ፣ አጥባ ባዶውን መለሰችለት። አልማዝን ደግሞ ጋሽ ሃብተ ራሱ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አሁንማ ሌላ መከራ ላይ ነን። ማንም ሰው እንዳመመው በአፉ ማሰማት አይችልም፤ ጋሽ ሃብተ "ይመርመር! ሳይመረመር ዝም በሉ!" እያለ እየጎተተ ይወስዳል። አብዱልጀሊል ጥርሱን ቢያመው የሽንት ዕቃ ይዞለት መጣ።

ይኸው ዛሬ የመጨረሻው ውጤት ወጣ። ንጹሕ! ጋሽ ሃብተ ወልድያ መናኸሪያ ቆሞ፣ ላወቀውም ላላወቀውም፣ "እኔ ሃብተ ፕሮስቴቴ ተቆጥቶ ነበር! ድኛለሁ!" ሲል መርሳ ድረስ አፍረንለት መጣን። አንድ ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ አሉት። ጋሽ ሃብተ በጆሮ መለሰላቸው። በጆሮ! ቀጥ ብለው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ።

መርሳ ደርሰን ገና ሱቄን ስከፍት ቆርቆሮውን ይዞ ገባ።

"ሓረጉ፣ ነገ አማኑኤል ነው። ተራው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁ፣ ጋሽ ሃብተን መርገም ያስተወኝ ይህ ነው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ የፍሰሃ ተራ በደረሰ ቁጥር ማኅበሩ ታጥፎ አያውቅም። በላይነሽ ጠላውን ትጠምቃለች፣ ዳቦውን ትጋግራለች፤ ጋሽ ሃብተ ቤቱን ይከፍትና "የፍሰሃ ነው፣ ብሉ" ይላል። የፍሰሃ መቀመጫ ላይ ጋቢውን ያስቀምጥበታል፣ ሰው እንዳይቀመጥ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሁሉን የሚያውቀው ሰውዬ፣ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል ብቻ አያውቅም ነበር።

"የፍሰሃ ነው" አልኩት።

"ሁሉ ተሰናድቷል። ባለቤቱ ብቻ ነው የጎደለው።" ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ውስጡ የታጠፈ አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ የምርመራው ውጤት። "ይህን አሳዪው። በሰው ፊት ነው የፈረድኩበት፣ በሰው ፊት ቆሜ አነሳዋለሁ። ጨረቃም ሴትም ሳይነኩኝ ተቃጠልኩ እላለሁ። እኔ ብሄድ በሩን ይዘጋብኛል። አንቺን ግን አይችልሽም።"

"ካልመጣስ ጋሼ?"

"እንግዲያ ጋቢዬ እንደተነጠፈ ይቆያላ" አለ።

ይህን የጻፍኩት ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው፤ ሚኒባሱ መርሳ ላይ እስኪሞላ ሁለት ቅጠል ወረቀት፣ የቀረውን በመንገድ። ፊደሌ ቢንጋደድ የአስፋልቱ ነው። የቀን ጨረቃዋም ዛሬ አለች፤ ከውርጌሳ በላይ፣ ስሟን ያደሰላት ሰው እንዳለ ሳታውቅ ፈዛ ተንጠልጥላለች።

ያው፣ ሱቁ ታየኝ። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ወንድሜ። ቀና ብሎ መኪናውን እያየ ነው።

ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!